ሰበቃ የሚበላው ሀብት

በብርድ ጊዜ እጆቹን እርስ በርሳቸው አፋትጎ ያላሞቀ ሰው የለም። በዚህ ጊዜ የሚገኘው ሙቀት ከየትም የመጣ አይደለም፤ ክንዳችን ያወጣው ጉልበት ነው ወደ ሙቀት የተለወጠው። ለበረደው ሰው ይህ ጥቅም ነው። ነገር ግን ይኸው መፋተግ በአውቶሞቢል ሞተር ውስጥ፣ በፋብሪካ መዘውር ላይ፣ በባቡር መንኰራኩር ዘንግ ላይ ሌትና ቀን ሳያቋርጥ ሲደረግ ሙቀቱን የሚፈልገው ማንም የለም፤ ጉልበቱ ግን ገንዘብ የወጣበት ነው። የፊዚክስ መምህራን ሰበቃ ብለው የሚያስተምሩን ይህ ነው።

በአሁኑ ዘመን ስለ ኃይል የማይነገርበት ቀን የለም ለማለት ይቻላል። የነዳጅ ዋጋ ወጣ ወይም ወረደ፤ አንዱ አገር ግድብ ሠራ፤ ሌላው የነፋስ መዘውር ተከለ፤ ሦስተኛው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠ፤ ይህ ሁሉ በየዕለቱ የሚሰማ ወሬ ነው። ንግግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ከየት እንደሚመጣ እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይደለም። የሚያፈስ እንስራ ተሸክሞ ወደ ምንጭ የሚመላለስ ሰው የምንጩን ማነስ ከማማረሩ በፊት የእንስራውን ስንጥቅ ቢመለከት መልካም በሆነ ነበር።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ስንጥቅ የሚመረምረውን ትምህርት፣ በተለይም ወጣት ተመራማሪዎች የዶክተርነት ማዕርግ ለማግኘት በኮምፒዩተር የሚያካሂዱትን የሰበቃና የቅባት ጥናት፣ ምን እንደ ሠራና ምን እንደ ቀረው ለማስረዳት እንሞክራለን። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን የትኛው ጥናት ገንዘብ ይሰጠው፣ የትኛው ይቅር ብለው የሚወስኑ ሹማምንትም፣ ሦስትና አራት ዓመት ከዕድሜያቸው ቆርጠው ለአንድ ጥያቄ የሚሰጡ ተማሪዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

የኪሣራው መጠን

በ2017 የፊንላንዱ ኬኔት ሆልምበርግና በአሜሪካ የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪ የነበሩት አሊ ኤርደሚር አንድ ሰፊ ግምት አወጡ። እንደ እነርሱ አሳብ፣ ዓለም በሙሉ ከምትጠቀምበት ኃይል 23 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ዕቃ ከዕቃ ጋር ሲፋተግ በሚደርሰው ነገር ምክንያት ነው። ከዚህም 20 በመቶው ሰበቃን ለማሸነፍ ሲውል የቀረው 3 በመቶ በመፋተግ የተበሉትን የመኪና ክፍሎች እንደገና ለመሥራትና ለመተካት ይውላል። አዳዲሶቹ ዘዴዎች በሥራ ላይ ቢውሉ ይህ ኪሣራ በ15 ዓመት ጊዜ ውስጥ በ40 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችልም ገልጸዋል።

እነዚሁ ሊቃውንት ከሌላ ባልደረባቸው ጋር በ2012 ስለ አውቶሞቢል ብቻ ባወጡት ጥናት፣ በቤንዚንና በናፍጣ ከሚገኘው ኃይል አንድ ሦስተኛው በሞተሩ፣ በካምቢዮው፣ በጎማውና በፍሬኑ ሰበቃ እንደሚያልቅ፣ መኪናውን ወደፊት ለማስኬድ የሚተርፈው ግን 21.5 በመቶ ብቻ እንደሆነ አስልተዋል። እንግዲህ ባለመኪናው አምስት ሊትር ቢቀዳ ለጉዞው የሚያገለግለው ከአንድ ሊትር እምብዛም የማይበልጥ ነው ማለት ነው።

ነገሩን መጀመሪያ በመንግሥት ደረጃ የቆጠሩት ግን እንግሊዞች ናቸው። በ1966 በፒተር ጆስት ሊቀ መንበርነት የተመራ ኮሚቴ ለትምህርትና ለሳይንስ መሥሪያ ቤት ባቀረበው ሪፖርት፣ የቅባትና የሰበቃ ዕውቀት በሚገባ ቢሠራበት የእንግሊዝ ኢንዱስትሪ በየዓመቱ 515 ሚሊዮን ፓውንድ ሊያድን እንደሚችል አስታወቀ። «ትሪቦሎጂ» የሚለውም የትምህርቱ ስም በዚሁ ሪፖርት ታወጀ፤ ቃሉ መፋተግ ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው።

የዚህ ሪፖርት ዝርዝር ለወጣት ሹማምንት ትምህርት የሚሰጥ ይመስለናል። ከተባለው ገንዘብ 230 ሚሊዮኑ ከጥገናና ከመለዋወጫ ወጪ፣ 115 ሚሊዮኑ መኪና ተሰብሮ ሥራ ሲቆም ከሚደርሰው ጉዳት፣ 100 ሚሊዮኑም የመኪናዎችን ዕድሜ በማራዘም የሚገኝ ነበር። ሰበቃን በመቀነስ ከኃይል ይገኛል የተባለው ግን 28 ሚሊዮን ብቻ ነው። ይህም ማለት ሰበቃ በነዳጅ መልክ ከሚወስደው ይልቅ በተሰበረ ኩሽኔታ፣ በተበላ ጥርስና በቆመ ፋብሪካ መልክ የሚወስደው በዚያን ጊዜ እጅግ ይበልጥ ነበር። ነዳጅ ሲያልቅ በመለኪያው ይታያል፤ የብረት መበላት ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

መንግሥቱም ሪፖርቱን በመዝገብ ቤት አላስቀመጠውም። በሊድስ፣ በስዋንሲና በሪዝሊ የትሪቦሎጂ ማዕከሎች ተቋቋሙ፤ ትምህርቱም ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ከእንጨት ውታፍ የተገኘ ዕውቀት

ይህ ዕውቀት እንዴት እንደ ተጀመረ ባጭሩ ብንናገር አይከፋም። በ1880ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ቤውቻምፕ ታወር የተባሉ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ትእዛዝ የባቡር ዘንግ በምን ዓይነት አቀባብ ሲቀባ ሰበቃው እንደሚያንስ ይፈትኑ ነበር። ዘንጉ ከታች ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይሽከረከራል፤ ከላይ ደግሞ ሸክሙን የተሸከመ የነሐስ ብሮንዚን ተጭኖበታል። ከብሮንዚኑ አናት ላይ ዘይት ማፍሰሻ እንዲሆን ቀዳዳ ተበስቶ ነበርና ዘንጉ ሲዞር ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። በቡሽ ቢደፍኑት ተገፍቶ ወጣ፤ በእንጨት ውታፍ ቢደፍኑትም እንደዚሁ ሆነ። ታወርም ነገሩን ንቀው አላለፉትም፤ በቀዳዳው ላይ የግፊት መለኪያ ገጠሙበት። መለኪያው ያሳየው ግፊት ሸክሙ በአማካይ ከሚሰጠው ግፊት እጥፍ ደረሰ። ለካ ብረቱ ብረቱን አይነካውም ኖሯል፤ ዘንጉ በገዛ እጁ የዘይት ምንጣፍ እየዘረጋ በላዩ ይንሳፈፍ ነበር።

በ1886 ኦስቦርን ሬይኖልድስ የተባሉት የማንችስተር ፕሮፌሰር የዚህን ነገር ምክንያት በሒሳብ ቀመር አስረዱ። ዘይት ከሰፊ ቦታ ወደ ጠባብ ቦታ እየተጎተተ ሲገባ ማምለጫ ስለሚያጣ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ሸክሙን ያነሣል። ዝናብ በዘነበበት አስፋልት ላይ በፍጥነት የሚነዳ ሾፌር መሪው ሲከዳው ያየው ነገር ይኸው ነው፤ ውሃው ከጎማው ሥር ተጨምቆ ጎማውን ከመንገዱ ላይ አንሥቶታል። በመንገድ ላይ አደጋ የሆነው ነገር በኩሽኔታ ውስጥ በረከት ነው።

ይህ ቀመር በወረቀት ላይ አልቀረም። ከዚሁ ተነሥተው አውስትራሊያዊው ማይክልና አሜሪካዊው ኪንግስበሪ፣ አንዳቸው የሌላውን ሳያውቁ፣ ጥቂት ጥቂት ዘንበል በሚሉ ቁርጥራጮች የተሠራ ሸክም ተቀባይ ኩሽኔታ ፈለሰፉ። የኪንግስበሪ ኩሽኔታ በ1912 በፔንሲልቫንያ በሆልትዉድ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተገጥሞ ከ200 ቶን በላይ የሚመዝነውን ተሽከርካሪ ተሸከመ፤ 75 ዓመት በሞላው ጊዜም ገና በሥራ ላይ ነበር። ሁለት መቶ ቶን ብረት ለሰባ አምስት ዓመት በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ መኖሩ፣ የአንድ ሊቅ ቀመር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያሳያል።

ኮምፒዩተር ለምን አስፈለገ

ከዚህ በኋላ ግን አንድ እንቆቅልሽ መጣ። በ1916 ማርቲን የተባሉ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የሬይኖልድስን ቀመር ይዘው በሁለት የማርሽ ጥርሶች መካከል የሚኖረውን የዘይት ንጣፍ ውፍረት ቢያሰሉ፣ ንጣፉ ከብረቱ ሸካራነት ያነሰ ሆኖ አገኙት። እንደ ሒሳቡ ከሆነ ጥርሶቹ ወዲያው ተበልተው ማለቅ ነበረባቸው። ሆኖም በየፋብሪካው ማርሾቹ ዓመታት ያገለግሉ ነበር። ሒሳቡና መኪናው አልተስማሙም፤ እውነተኛዋ ደግሞ መኪናዋ ነበረች።

ምሥጢሩ ሁለት ነገር ነበር። የማርሽ ጥርስ ወይም የኩሽኔታ ኳስ ሸክሙን የሚቀበለው በጣም ትንሽ በሆነች ቦታ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ከአየር ግፊት ከ10,000 እስከ 30,000 እጥፍ ይደርሳል። በውቅያኖስ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ ያለው ግፊት 1,100 እጥፍ ያህል መሆኑን ብናስብ ነገሩን ለመገመት ይቻላል። በዚህ ግፊት ሥር አንደኛ፣ ጠንካራ የምንለው ብረት እንደ ጎማ ይጎደጉዳል፤ ሁለተኛ፣ መካኒኮች ወፍራም ዘይት፣ ቀጭን ዘይት የሚሉት፣ የዘይቱ ዝልግልግነት ማለት ነው፣ እጅግ ከፍ ይልና ዘይቱ ለቅጽበት እንደ ሙጫ ይጠነክራል። ስለዚህም ተጨምቆ ለመውጣት ጊዜ ሳያገኝ ያልፋል። የንጣፉ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ የሰው ጠጉር ከዚህ በብዙ አሥር እጥፍ ይወፍራል።

በሶቪየት ኅብረት ኤርቴልና ግሩቢን የዚህን አሳብ መሠረት አስቀመጡ፤ ሥራውም በ1949 ታተመ። ሆኖም ሙሉውን ሒሳብ በእጅ ለመጨረስ የሚቻል አልነበረም። ምክንያቱም ነገሩ ክብ ሆኖ የተያያዘ ነው። ግፊቱ ብረቱን ያጎደጉዳል፤ ጉድጓዱ የዘይቱን መተላለፊያ ይለውጣል፤ የተለወጠው መተላለፊያ ደግሞ ግፊቱን መልሶ ይለውጠዋል። በአንዲት ነጥብ ላይ የሚደረግ ግፊትም በሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ ላይ ይሰማል። በጠፍር አልጋ ላይ ከተኙት ሰዎች አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም እንደሚነቃነቁ ያለ ነው።

በ1959 የሊድሶቹ ዳንከን ዳውሰንና ጎርደን ሂጊንሰን ይህን የተያያዘ ሒሳብ በቁጥር ፈትተው አሳተሙ። በሌላም ጊዜ ከዳውሰን ጋር በሊድስ ለዶክተርነት ያጠኑት አሜሪካዊው በርናርድ ሃምሮክ ጥናቱን ወደ ኳስ ኩሽኔታ አሰፉት፤ በ1976ና በ1977 ሁለቱ ያወጡት ቀመር እስከ ዛሬ የመሐንዲሶች የሥራ መሣሪያ ነው። ቀመሩ የሚናገረው ነገር ለጆሮ እንግዳ ነው። የኩሽኔታው ሸክም እጥፍ ቢሆን የዘይቱ ንጣፍ የሚሳሳው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን ንጣፉ 60 በመቶ ያህል ይወፍራል። እንግዲህ የኩሽኔታው የዘይት ንጣፍ ከከባድ ጭነት ይልቅ ዝግ ብሎ መዞርን፣ መቆምንና መነሣትን ይፈራል ማለት ነው። ይህን ማንም በአእምሮው ብቻ ሊገምተው ባልቻለም ነበር።

የሁለት ተማሪዎች ድካም

አንባቢዎቻችን የዶክተርነት ጥናት ምን እንደሚመስል እንዲረዱልን አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንጨምራለን። በ1980ዎቹ ዓመታት የኮምፒዩተሩ ሒሳብ ትልቅ ችግር ገጥሞት ነበር። ንጣፉን በደንብ ለማየት ቦታውን እንደ መረብ በብዙ ነጥቦች መክፈል ያስፈልጋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ነጥብ በሌላው ሁሉ ላይ የሚያደርሰው መጎድጎድ መቈጠር ስላለበት፣ ነጥቦቹ 100,000 ቢሆኑ ሒሳቡ 10 ቢሊዮን ጊዜ ይደረጋል፤ ይህም ለአንድ ዙር ብቻ ነው። ዙሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይደገማል። ከዚህም በላይ ሸክሙ ሲከብድ ሒሳቡ መንገዱን ስቶ መልስ ሳይሰጥ ይቀር ነበር።

በሆላንድ በትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ቶን ሉብረክት በ1987፣ ኮርኔሊስ ቬነር ደግሞ በ1991 ለዶክተርነት ያቀረቡት ጥናት ይህን ችግር የሚመለከት ነበር። የወሰዱት ዘዴ በእስራኤል በቫይዝማን ተቋም የሒሳብ ሊቅ የነበሩት አኪ ብራንት ያስፋፉት የብዙ መረቦች ዘዴ ነው። አሳቡ ቀላል ነው። አገር የማያውቅ መንገደኛ በመጀመሪያ ከኰረብታ ላይ ወጥቶ ወንዙንና ሸለቆውን በጠቅላላው ያያል፤ ከዚያ በኋላ ወርዶ ድንጋዩንና ጭቃውን እያየ ይረግጣል። ኮምፒዩተሩም እንደዚሁ ትልልቁን ስሕተት ዓይኑ ሰፋ ባለ መረብ ላይ በቶሎ ያርማል፤ ጥቃቅኑን ስሕተት በጠባቡ መረብ ላይ ያርማል፤ በሁለቱም መካከል ይመላለሳል። ብራንትና ሉብረክት በ1990 ባሳተሙት ሥራ የመጎድጎዱም ሒሳብ በዚሁ መንገድ እንዲያጥር አደረጉ። ከዚህም የተነሣ 10 ቢሊዮን ጊዜ ይደረግ የነበረው ሥራ ወደ ጥቂት ሚሊዮን ወረደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስገነዝብ እንወዳለን። እነዚህ ወጣቶች አዲስ ሞተር አልሠሩም፤ አዲስ ዘይት አልቀመሙም። በጊዜው አንድ የበጀት ሹም «ጥናታችሁ የትኛውን ፋብሪካ ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቃቸው አጥጋቢ መልስ ለማግኘት ይቸግራቸው ነበር። ሆኖም ከእነርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የብረቱን ሸካራነት፣ የገባውን ቆሻሻ፣ የዘይቱን ማነስ ሁሉ በኮምፒዩተር ለመመርመር የቻሉት መንገዱ ስለ ተጠረገላቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በዕውቀትም ያው ነው፤ አንዱ ክር ለብቻው ሲታይ ከንቱ ይመስላል።

የኮምፒዩተር ሥዕል ሲያታልል

ይህን ካልን በኋላ የነገሩን ሌላ ገጽ ሳንናገር ብናልፍ ሚዛናችን የተዛባ ይሆናል። ኮምፒዩተር የጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ አገልጋይ ነው፤ የተሳሳተ ነገር ቢሰጡትም በሚያምር ቀለም ሥሎ ይመልሳል።

የንጣፉ ውፍረት ሒሳብ ሊታመን የቻለው በዓይን ስለ ታየ ነው። በ1963 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ጎሃርና ካሜሮን የብረት ኳስ በመስተዋት ላይ እያሽከረከሩ በመካከሉ ያለውን ዘይት በብርሃን መረመሩ። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት የቀስተ ደመና ቀለም እንደሚያሳይ ሁላችንም አይተናል፤ ቀለሙን የሚወስነው የንጣፉ ውፍረት ነው። እነርሱም ከቀለሙ ተነሥተው ውፍረቱን ለኩ፤ ሒሳቡ የተናገረለት በመውጫው በኩል ያለው መጥበብም በግልጽ ታየ። ሒሳብና ፈተና ተስማሙ።

ስለ ሰበቃው ግን እስከ ዛሬ ሙሉ ስምምነት የለም። ዘይቱ ከሺህ ሰከንድ አንድ በሚያንስ ጊዜ ውስጥ በዚያ ሁሉ ግፊት ሥር ሲሸለት እንዴት እንደሚሆን ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። የኢምፔሪያል ኮሌጅ ሊቃውንት ሂዩ ስፓይክስና ጂ ዣንግ በ2014 ከሰበቃ ልኬት ተነሥቶ የዘይቱን ጠባይ ማወቅ ይቻላል የሚለውን አሳብ ደግፈው ሲጽፉ፣ የጆርጂያው ስኮት ቤርና ባልደረቦቻቸው ደግሞ የዘይቱ ዝልግልግነት በከፍተኛ ግፊት ሥር በራሱ መሣሪያ ለብቻው መለካት አለበት ብለው ተቃውመዋል።

ክርክሩ የሊቃውንት ቢሆንም ፍሬ ነገሩ ለማንኛውም ሰው ግልጽ ነው። አንድ ተመራማሪ ሰበቃውን ለክቶ፣ ከዚያው ልኬት የዘይቱን ጠባይ አውጥቶ፣ መልሶ ደግሞ በዚያው ጠባይ ሰበቃውን «በኮምፒዩተር አስልቼ አገኘሁት» ቢል፣ ነጋዴ በገዛ ሚዛኑ የገዛ ሚዛኑን መሰከረ እንደ ማለት ነው። መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ምስክር ግን አይሆንም። እኛ በዚህ ክርክር ማን እንደሚረታ ለመፍረድ አንደፍርም። ነገር ግን ምስክሩ ከሒሳቡ ውጭ መምጣት አለበት የሚለው አሳብ ለሁሉም ጥናት የሚሠራ ሕግ ይመስለናል።

ዛሬ ለምን ያሳስበናል

ጥያቄው ዛሬ የበረታበት ምክንያት አለ። አውቶሞቢል ሠሪዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ የሞተር ዘይት እያቀጠኑ መጥተዋል። ቀድሞ 40ና 50 ቁጥር ዘይት ይዞ የነበረው ሞተር ዛሬ 20 ቁጥር ይይዛል፤ ከዚያም በታች 16ና 8 ቁጥር ወጥቷል። ቀጭን ዘይት ሲዞር አያደክምም፤ ነገር ግን ንጣፉ ስለሚሳሳ ብረት ብረትን ለመንካት ይቀርባል። ጀርመናዊው ስትሪቤክ በ1902 እንዳሳዩት ዘይቱ እየቀጠነ ሲሄድ ሰበቃው እስከ አንድ ወሰን ድረስ ይቀንስና ከዚያ በኋላ በድንገት ይጨምራል። ጥቅሙም ጥፋቱም በዚያች ጠባብ ወሰን አጠገብ ነው፤ ወሰኗ የት እንደሆነች ለመናገር ጥንቁቅ ሒሳብ ይጠይቃል። ባለመኪናውም በፋብሪካው የታዘዘለትን ዘይት ትቶ የተገኘውን የሚሞላ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም በጋራዡ በር ላይ ይቀራል።

በኤሌክትሪክ የሚሄድ አውቶሞቢልም ነገሩን ለወጠው እንጂ አላጠፋውም። እውነት ነው፣ ፒስቶንና የሞተር ዘይት የለውም። ሆኖም ኩሽኔታ፣ ማርሽ፣ ግሪስና ጎማ አለው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ በጣም በፍጥነት ይዞራል፤ አልፎ አልፎም ኤሌክትሪክ በስሱ የዘይት ንጣፍ ውስጥ ዘሎ እያለፈ የኩሽኔታውን ብረት ይፈለፍለዋል። ኤሌክትሪክን ጭምር የሚያስብ የቅባት ሒሳብ ለዛሬው የዶክተርነት ተማሪ የተተወ አዲስ እርሻ ነው።

ይህ ለአገራችንም የሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 13 ተርባይኖች አሉት። እንደማንኛውም ቀጥ ብሎ የቆመ ትልቅ የውሃ ተርባይን ሁሉ የእነዚህም ተሽከርካሪ ክብደት የሚያርፈው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው፤ ማይክልና ኪንግስበሪ ከሬይኖልድስ ቀመር ያወጡት አሳብ ማለት ነው። የውሃው ኃይል የዓባይ ነው፤ ኃይሉን በክብር አዙሮ የሚያስረክበው ግን ዘይቱ ነው። ይህን የሚጠብቅ፣ ዘይቱን የሚመረምር፣ የሙቀቱን መጨመር አይቶ ከመሰበሩ በፊት የሚናገር ባለሙያ የራሳችን ሰው መሆን ይገባዋል።

ለዚህ ደግሞ በሩ የተዘጋ አይደለም። ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ትልቅ ኮምፒዩተር ይጠይቅ የነበረው ሒሳብ ዛሬ ተማሪው በቦርሳው በያዘው ኮምፒዩተር ይሠራል። የሬይኖልድስን ቀመር በነጥብ ከፍሎ መፍታት ትጉ የምሕንድስና ተማሪ በአንድ መንፈቅ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። የሚከብደው ሌላው ግማሽ ነው፤ ብረቱን ከብረት አፋትጎ የሚለካ መሣሪያ፣ ዘይቱን የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ የተሰበረ ኩሽኔታ ሲገኝ ከመጣሉ በፊት የሰበሩን ምክንያት የሚመዘግብ ጋራዥና ፋብሪካ ያስፈልጋል። ሒሳቡ ያለ መለኪያው አንድ ክንፍ ያለው ወፍ ነው።

ምን ይጠየቅ

እንግዲህ የጥናት ማመልከቻ በጠረጴዛው ላይ የሚቀርብለት ወጣት ሹም ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን። የመጀመሪያው፣ ጥናቱ የሚመልሰው ጥያቄ ተለይቶ የታወቀ ነውን? «ሰበቃን እቀንሳለሁ» ማለት ጥያቄ አይደለም፤ «ይህ ኩሽኔታ በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ዘይት ንጣፉ ምን ያህል ነው?» ማለት ግን ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፣ ኮምፒዩተሩ የሚሰጠው መልስ በምን ልኬት ይመሰከራል? ሦስተኛው፣ ጥናቱ ሲያልቅ ሥራው ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው በሚገባ ተጽፎ ይቆየዋልን? ነገር ግን «በዚህ ዓመት ስንት ብር ያስገባል?» የሚለውን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ጥናት አራተኛ አድርጎ ቢጨምር፣ የትዌንቴዎቹን ወጣቶች ከበር እንደሚመልሳቸው ይወቅ።

ተማሪውም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው ብሎ አይፈር። ሬይኖልድስ የታወርን ፈተና፣ ዳውሰን የሬይኖልድስን ቀመር፣ ሃምሮክና የሆላንዶቹ ተማሪዎች የዳውሰንን ሒሳብ ይዘው ነው ወደፊት የሄዱት። አንዱም ብቻውን አልጨረሰውም። ትንሹን ጥያቄ ይዞ በእውነት የጨረሰ ሰው ትልቁን ጀምሮ ከተወው ይበልጣል።

የእንጨት ውታፉ ተገፍቶ ሲወጣ በመዶሻ መልሶ መትቶ ሥራውን መቀጠል ቀላል ነበር፤ ብዙ ሠራተኞችም ከታወር በፊት እንዲህ ሳያደርጉ አልቀሩም። ታወር ግን ውታፉን ምን ገፋው ብለው መለኪያ ገጠሙበት። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየጋራዡና በየማመንጫው ዛሬም የሚገፉ ውታፎች አሉ። በመዶሻ የሚመታውን ሳይሆን መለኪያ የሚገጥመውን ሰው ማብዛት፣ ነዳጅ ከመግዛትና ግድብ ከመሥራት ጋር እኩል የሚቈጠር የኃይል ምንጭ መሆኑን እናምናለን።